ስለ ወርሃዊው 10 በመቶ

ስለ ቴክኒካል ትንተና፣ ማለትም ያለፈውን የዋጋ እንቅስቃሴ አጥንቶ ስለ መገበያየት፣ በክፍል በክፍል የሚቀርበው ጽሑፍ ጸሐፊ፣ ቻርት (የዋጋ ግራፍ) ማንበብ የተማረ ሰው በወር 10 በመቶ ማትረፍ ይችላል ማለታቸው በጣም አሳስቦኛል። እስቲ እናስላው፦ ትርፉ በዋናው ላይ እየተደመረ ከሄደ ገንዘቡ በዓመት ከ3 እጥፍ በላይ ይሆናል። ታላላቅ የፈንድ አስተዳዳሪዎች እንኳ ዓመት በዓመት የማያገኙትን ለጀማሪ ቃል መግባት ተገቢ አይደለም።

ቴክኒካል ትንተና አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። የት እንደምንገባ፣ በተለይ ደግሞ ግምታችን ሲሳሳት የት ላይ እንደምንወጣ አስቀድመን እንድንወስን ይረዳል። ግን የዋጋን አቅጣጫና ጉልበት ለማየት የሚያገለግሉት መለኪያዎች፣ ሙቪንግ አቬሬጅም (ተንቀሳቃሽ አማካይ)፣ ማክዲም (MACD)፣ አርኤስአይም (RSI)፣ የሚሰሉት ካለፈው ዋጋ ነው። ሦስቱ ተስማሙ ማለት ሦስት ምስክር ተገኘ ማለት አይደለም፤ አንዱ ምስክር ሦስት ጊዜ ተናገረ እንጂ።

በብራዚል የፊውቸርስ ገበያ (ወደፊት ለሚፈጸም ግብይት ዋጋው ዛሬ በውል የሚቆረጥበት ገበያ) የተካሄደ ጥናት፣ በዕለታዊ ንግድ (በዚያው ቀን ገዝቶ በመሸጥ) ከ300 ቀን በላይ ከቆዩት ግለሰቦች 97 በመቶው መክሰራቸውን አሳይቷል። መቆየት ብቻውን አላዳናቸውም። ጀማሪ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በአንድ ግብይት ከካፒታላችሁ 1 በመቶ በላይ ለኪሳራ አታጋልጡ፤ 50 በመቶ ያጣ ሰው ወደነበረበት ለመመለስ 100 በመቶ ማትረፍ ይኖርበታል። በብድር ገንዘብማ ጨርሶ አትጀምሩ።

ጸሐፊው በሚቀጥለው ክፍል ኮሚሽንና ስፕሬድ (በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት) ተቀንሶ የሚቀረውን ውጤት ቢያሳዩን ትልቅ ውለታ ነው።