ካሜራው ሳይመጣ እንዳትሰጡ

የዘመኑን ለጋሽ ማማት ቀላል ነው፤ ሁሉም ያማዋል። እኔ ግን ላመሰግነው ተነስቻለሁ። ሰውዬው እኮ ተበድሏል! የቀድሞ ሰዎች ሲመጸውቱ ይደበቁ ነበር፤ ቀኝህ የሰጠውን ግራህ አይወቅ እየተባሉ ነው ያደጉት። ደግ ምክር ነበር፣ ለዚያ ዘመን። ዛሬ ግን ግራ እጅ ካላወቀ ስልኩን ማን ሊይዝ ነው? ቀኝ ይሰጣል፣ ግራ ይቀርጻል። ሁለቱ እጆች ተግባብተው መሥራት የጀመሩት በእኛ ዕድሜ ነው፤ ይህ ብቻውን ሐውልት የሚያሠራ ነው።

እስቲ ርክክቡን ቀረብ ብለን እንየው። የሚለገሰው ደብተር ነው እንበል። ከደብተሩ በፊት ባነሩ ይደርሳል። የለጋሹ ስም ባነሩ ላይ ከሩቅ ይነበባል፤ ልጆቹን ዓመቱን ሙሉ የሚይዘው የበጎ አድራጎት ድርጅት ስም ደግሞ ታች፣ ባነሩ ሲወጠር የሚታጠፈው ጠርዝ ላይ ነው። ልጆቹ ይደረደራሉ፤ አጫጭሮቹ ከፊት፣ ረጃጅሞቹ ከኋላ፣ ደህና ልብስ የለበሰው አንዱ ደግሞ ከሥዕሉ ወጣ እንዲል በትሕትና ይጠየቃል። ለጋሹ ደብተሩን ይዘረጋል፣ ልጅቷ በሁለት እጇ ትይዘዋለች፤ ግን ገና ነው። እሱ አይለቅም፣ እሷ አትስብም፤ ሁለቱም ደብተሩን እንደያዙ አንገታቸውን ወደ ካሜራው አዙረው ይቆማሉ። «ዓይኗን ጨፍናለች፣ አንዴ ድገሙት» ይላል ፎቶ አንሺው። ደብተሩ ወደ ለጋሹ ይመለሳል፤ እንደገና ይሰጣል። ቀጥሎ ምክትሉ ይመጣል፤ እሱም ያንኑ ደብተር ለዚያችው ልጅ ይሰጣታል። በዚህ አሠራር አንድ ደብተር ስንት ጊዜ እንደሚለገስ አስቡት! እንዲህ ያለ በረከት ከየት ይገኛል? ልጅቷ እስክሪብቶ ይኑራት አይኑራት የጠየቀ የለም፤ ጥያቄ ፎቶ ላይ አይወጣማ።

ማታ ፖስት ይደረጋል። ለጋሹ «ቃላት የለኝም» ብሎ ይጀምርና አንድ ሙሉ ገጽ ይጽፋል። በጽሑፉ ውስጥ «እኔ» የሚለውን ትቶ ለማንበብ የሞከረ ሰው የሚቀረው ነጥብና ሰረዝ ነው። ልጅቷ ስሟ፣ ዕድሜዋ፣ አባቷ በምን እንደሞተ፣ እናቷ በምን እንደታመመች ተዘርዝሯል። ፈቃዷን የጠየቀ ይኖር ይሆን? ምን በወጣው! አድጋ ሥራ ለመቀጠር ስታመለክት ቀጣሪዋ ስሟን ቢፈልግ በመጀመሪያ የሚያገኘው ይህን ነው፤ እድለኛ ናት፣ ታሪኳን ራሷ ከመናገር ተገላግላለች።

ምቀኛ ተመራማሪዎች ግን አያርፉም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የካናዳ ተመራማሪዎች ጥናት አለ። በጦርነት የወደቁ ወታደሮች በሚታሰቡበት ሰሞን ለመንገደኞች ደረት ላይ የሚደረገውን ቀይ አበባ በነጻ አደሉ። ለአንዳንዶቹ ደረታቸው ላይ እንዲሰኩት፣ ለሌሎቹ ደግሞ በፖስታ አድርገው ሰጧቸው። መንገደኞቹ ጥቂት እልፍ እንዳሉ ሌላ ሰው መዋጮ ጠየቃቸው። የበለጠ የሰጡት አበባውን በፖስታ የያዙት ሆኑ። ደረታቸው ላይ የሰኩት ምን ቀራቸው? ደግነታቸው ታይቷል፤ የታየ ደግነት ደግሞ እንደተከፈለ ዕዳ ነው፣ ሁለተኛ አይጠየቅም። ላይክና ሼርም የዚያ አበባ ታናሽ ወንድሞች ናቸው። የስዊድን ዩኒሴፍ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነገሩ ገብቶት ነበር መሰለኝ፣ ፌስቡክ ላይ ላይክ ካደረጋችሁን ከፖሊዮ የምንከትበው ሕፃን ቁጥር ዜሮ ነው የሚል ማስታወቂያ አወጣ። እንዴት ያለ ውለታ ቢስነት ነው! አውራ ጣታችን እስኪዝል የደከምንበትን።

ፍትሕ አይጓደልና፣ ትዕይንት ሁሉ ከንቱ ነው የሚልም አለ፤ እሱንም አልቀበለውም። በዚያው በ2014 ሰው ሁሉ የበረዶ ውኃ በራሱ ላይ እየደፋ ሲቀረጽ ከረመ። ኤኤልኤስ ለሚባለው፣ ነርቭን እያጠቃ ጡንቻን ለሚያልመሰምስ በሽታ የሚሠራው የአሜሪካ ማኅበር በዚያ ጨዋታ 115 ሚሊዮን ዶላር አገኘ፤ ገንዘቡ ከደገፋቸው ምርምሮች አንዱም እ.ኤ.አ. በ2016 ከበሽታው ጋር የተያያዘ ጂን ለይቷል። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ብዙ አሰላሰልኩ። ያኔ ካሜራ ፊት ቆሞ የረጠበው ሰጪው ነበር፤ ሕመምተኛውን ውኃ ያፈሰሰበት የለም።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ከካሜራው ቀጥሎ የማደንቀው የቁም ሣጥን ቸርነትን ነው። ቤት ሲጠብ ልብ ይሰፋል። የቦታ ጥበት ያህል ሰውን ወደ ጽድቅ የሚገፋ ነገር አላየሁም። የአንድ ድርጅት መጋዘን ገብታችሁ በጎ ፈቃደኛዋ ካርቶን ስትከፍት ብታዩ ይገባችኋል። መጀመሪያ ግራ እግሩ ብቻ ያለ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ ይወጣል። ቀኙን ሌላ ካርቶን ውስጥ ትፈልገዋለች፤ የለም። ቀጥሎ ዚፑ የማይዘጋ ካፖርት፤ ኪሱ ውስጥ የተጠቀመበት ሶፍት። ላስቲኩ የላላ የዋና ልብስ፣ እርጥብ እንደሆነ ተጣጥፎ ስለገባ ከሥሩ ያለውን ሁሉ አሽትቶታል። ከታች ግማሹ የተጠጣ የሳል ሽሮፕ፣ ክዳኑ በራሱ ስኳር ተጣብቆ አልከፈት ያለ፣ ጊዜው ካለፈ የቆየ። ሴትዮዋ አንድ በአንድ ታነሳለች፣ ታሸታለች፣ ወደ ቆሻሻው ክምር ትወረውራለች። ምሽት ላይ ካርቶኑ ባዶ፣ ክምሩ ሙሉ ነው፤ ቆሻሻውን የሚያነሳው መኪና ደግሞ በነጻ አይመጣም፣ ከድርጅቱ ካዝና ይከፈለዋል። ለጋሹ ግን በዚያን ሰዓት ባዶውን ቁም ሣጥኑን እያየ «ቀለል አለኝ» ይላል። ደስ ሲል! ደግሞም ትክክል ነው፤ ችግረኛ ቁጥር የለውም፣ ወቅት የለውም፣ ምርጫማ ከቶ የለውም።

ይህ ቸርነት ባሕር የማይገድበው መሆኑም ሊነገርለት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1998 ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ ሆንዱራስን ሲያወድም ዓለም ልብሱን አዋጣ። የተላከው ልብስ አውሮፕላን ማረፊያውን ሞልቶት አስቸኳይ እርዳታ የጫነ አውሮፕላን መውረጃ አጣ። እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ በደረሰው ሱናሚም ኢንዶኔዥያ የባሕር ዳርቻ ላይ የተከመረው ሰልባጅ የሚለየው፣ የሚያጥበው፣ የሚያድለው አጥቶ እዚያው በሰበሰ። ከማዕበሉ የተረፈ ሰው ቢያንስ በዓይነቱ ልዩ የሆነ ክምር አየ።

የእርዳታ ሠራተኞች እንዲህ ባለ ጊዜ ሁሌ የሚደግሙት ነገር አለ፦ ገንዘብ ላኩልን፣ የሚያስፈልገውን እዚያው አካባቢ እንግዛ፤ ቶሎ ይደርሳል፣ ማጓጓዣ አይበላውም፣ የተጎዳውም ነጋዴ ይሸጥበታል። ይሉኝታ የላቸውም። ገንዘቡ በእጃቸው ቢሰጣቸውማ ድሆቹ ይጠጡበታል! እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለት የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ 19 ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ድሆች በእጃቸው ገንዘብ ስለተሰጣቸው ለመጠጥና ለትምባሆ የሚያወጡት ጨመረ የሚያሰኝ ነገር አላገኙም። እኔ ይህን አላምንም። ደመወዝ በወጣ ማታ እኛ ራሳችን ምን እንደምናደርግ እናውቅ የለም እንዴ?

ገንዘብ ለመስጠት የጨከነ ለጋሽም ቢሆን ጥንቁቅ ነው። «ከሰጠሁት ላይ አንድ ሳንቲም ለአስተዳደር እንዳይውል» ይላል። ሒሳብ የሚይዝ ሰው አይቀጠር፣ የመጋዘኑ ጣሪያ ያፍስስ፣ ሾፌሩ በጸሎት ይንዳ። በዓመቱ መጨረሻ ግን ይኸው ሰው በኦዲተር የተመረመረ፣ ባለ ቀለም፣ ግራፍ ያለው ሪፖርት ይፈልጋል፤ ማን እንደሚያዘጋጀው አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን በመመዘን የታወቁ ሦስት ተቋማት፣ ድርጅትን በአስተዳደር ወጪው ብቻ አትመዝኑት የሚል ግልጽ ደብዳቤ ለለጋሾች ጻፉ። መዛኞቹ ራሳቸው ሚዛኑን ሲተዉ እንኳ ለጋሻችን ሚዛኑን አለቀቀም። ጽናት ማለት ይህ ነው።

ስለ ልባችን ስሌት ደግሞ ላውራ፤ እዚህ ላይ ተወዳዳሪ የለንም። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ሙከራ ሰዎች መጠይቅ በመሙላታቸው 5 ዶላር ተከፈላቸውና ከዚያው ላይ ለተራቡ እንዲሰጡ ተጠየቁ። ሮኪያ የምትባል የማሊ ልጅ ታሪኳ ከነፎቶዋ የቀረበላቸው በአማካይ 2.38 ዶላር ሰጡ። ሚሊዮኖች መራባቸውን የሚገልጽ አኃዝ ብቻ ያነበቡት 1.14 ሰጡ። ሮኪያንም አኃዙንም አብረው ያዩትስ? 1.43። ልብ በሉ፣ ሮኪያ ብቻዋን ስትራብ አዘኑላት፤ ሚሊዮኖች አብረዋት መራባቸውን ሲሰሙ ከሷም ቀነሱባት። የኛ ርኅራኄ አንድ ወንበር ብቻ ያለው ቤት ነው፤ ሁለተኛ እንግዳ ከመጣ የመጀመሪያውም ይነሳል። ድርጅቶቹ ይህን ካወቁ ወዲህ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከሚኖርበት ሰፈር ዓይኗ ትልልቅ የሆነውን አንዲት ልጅ መርጠው ማስታወቂያ ላይ ያወጣሉ። ወቀሳው ለእነሱ ይሁን ለእኛ አላውቅም፤ እነሱ እንደ ገበያው ነው የሚሸጡት።

ዜናም ውለታ ውሎልናል። የት ማዘን እንዳለብን ይነግረናል፣ መቼ ማቆም እንዳለብንም እንዲሁ። ከሱናሚው በኋላ ገንዘቡ ጎረፈ፤ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ገና በሁለተኛው ሳምንት ለዚህ አደጋ የያዝነው ሥራ ከሚፈልገው በላይ አግኝተናልና ከእንግዲህ በሱናሚ ስም አትላኩልን ብሎ ለጋሾቹን ዕጹብ አሰኘ። ቀጥሎም የተረፈውን ሌሎች፣ ዜና ያልደረሰባቸው ሕሙማን ዘንድ ላውለው ወይ ብሎ ፈቃድ ጠየቀ፤ አብዛኞቹ እሺ አሉት። ከሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ሞኝነት በተባለ ነበር። ብር እምቢ የሚል ድርጅት ያልተለመደ ነውና፣ እንዲህ ያለውን ካገኛችሁ መጠርጠር እንዳትረሱ።

ከርክክቡ በኋላ ስለሚኖረው ግንኙነት ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ብዙ የለምና። ድርጅቱ የምስጋና ደብዳቤ ይልካል፣ አይከፈትም። ሪፖርት ይልካል፣ ከማስታወቂያ መልእክቶች ጋር ይደባለቃል። አንዱ ሠራተኛ ደፍሮ ይደውልና «በየወሩ ትንሽ ትንሽ ቢሰጡን እቅድ ለማውጣት ይረዳናል» ይላል። በየወሩ? ለዚያ ምን ባነር ይሠራለታል? ከሒሳብ ላይ በራሱ ጊዜ እየተቆረጠ፣ ማንም ሳያጨበጭብ፣ ተረጂውም የማን እንደሆነ ሳያውቅ የሚሄድ ገንዘብ ልግስና ሳይሆን እንደ ውኃ ክፍያ ያለ ነገር ነው። በበዓል ሰሞን ደውል ይባላል።

እንግዲህ አሠራሩ ይሻሻል የሚሉ ወገኖች ስለበዙ እኔም የበኩሌን ላዋጣ። ሰጪው ሙሉ ነው፣ ምንም እንከን አይወጣለት። ሥልጠና የሚያስፈልገው ተቀባዩ ነው። ሲቀበል አንገቱን ምን ያህል እንደሚሰብር፣ እንባው የትኛው ቃል ላይ እንደሚወርድ፣ «እግዜር ይስጥልን» ሲል ድምፁ እስከ ማይክራፎኑ እንዲደርስ በደንብ ይለማመድ። ባለፈው አንድ ርክክብ ላይ ሥልጠናው አለመሰጠቱ ጉድ አድርጎናል። የሚታደለው ጫማ ነበር፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም አንድ ልክ፣ በጅምላ የተገዛ። አንዱ ሽማግሌ ካሜራው ሊጫን ሲል «ልጄ፣ ቁጥሩ ስንት ነው?» አሉ። ፎቶው አፋቸውን እንደከፈቱ ወጣ። ከዚያ መብራቱን አስተካክለን፣ ባነሩን ወጥረን፣ ሰልፉን ከመጀመሪያው ጀምረን እንደ አዲስ ልናነሳው ስንል፣ ሰውዬው ጫማውን እግራቸው ላይ ሞክረው ስላልገባላቸው መልሰውት ሄደዋል።