"ውሻ የሚወድ ገጠር ይሂድ" ላላችሁን

ባለፈው እሁድ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ስብሰባ ነበረው። የተጠራነው ለውሃ ታንከርና ለጥበቃ ደመወዝ ነው። መጨረሻ ላይ ግን ኮሚቴው ያልጠበቅነውን ወረቀት አነበበ። ከሚመጣው ወር ጀምሮ በግቢው ውሻ ማሳደግ ክልክል ነው። ምክንያቱ ሁለት ቃል ነው፤ ንጽሕናና ጤና። "ጥያቄ ያለው?" ተባለ። እጄን አወጣሁ። ገና አፌን ሳልከፍት ከኋላ አንድ ሰው "ውሻ ለገጠር ነው፤ ውሻ የሚወድ ገጠር ይሂድ" አለ። ተጨበጨበ።

ይህን የሚያስጽፈኝ ያ ጭብጨባ ነው።

አሁን ውሻ የለኝም። የእኔው ከሦስት ሳምንት በፊት ሞቷል። ሰብሳቢው ይህን ያውቃል። ስንበተን ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "አንተማ ተገላገልክ" አለኝ። ተገላገልክ! አሥራ አራት ዓመት በሬን ሲጠብቅ፣ ስታመም አልጋዬ ሥር ሲያድር፣ አባቴ የሞተ ሰሞን ድንኳኑ ጥግ ተኝቶ ምግብ እንቢ ሲል የኖረ ፍጡር ነው የሞተብኝ። ሰው ሲሞትበት "እግዚአብሔር ያጥናህ" የሚል ሕዝብ መካከል እየኖርኩ፣ ውሻዬ ሲሞት የተባልኩት ተገላገልክ ነው።

ስሙ መቻል ነበር። ያወጣችው እማዬ ናት። የሐበሻ እናት ውሻ ስትሰይም ዝም ብላ እንደማትሰይም ታውቃላችሁ፤ ስሙ ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነው። ያኔ አጥር እየገፋች ያስቸገረቻት ጎረቤት ነበረች። እማዬ ከእሷ ጋር አፍ መካፈት አልፈለገችም። በር ላይ ቆማ "መቻል! ና መቻል!" ትላለች፤ መልእክቱ ይደርሳል። በኋላ ሁለቱ ታርቀው ቡና ሲጣጡ መቻል በመካከላቸው ይተኛ ነበር።

አሁን ወደ "ውሻ ለገጠር ነው" ልምጣ። ይህን የተናገረው ሰው ምናልባት ሳያስብ ያለው ነው። ያጨበጨቡት ግን አስበውበታል፤ ስለዚህ መልስ ይገባቸዋል።

መቻል የተወለደው ካዛንቺስ ነው። በ2003 ዓ.ም.፣ ከአንድ የቆርቆሮ አጥር ሥር። በዕድሜው ሞፈር አላየም፣ በግ አልጠበቀም። የሚያውቀው የሰፈር ልጆችን ኳስ፣ የሥጋ ቤቱን ደጃፍና የእድር ጥሩምባ ነው። ከዚህ በላይ የአዲስ አበባ ልጅ ከየት ይመጣል? ግማሾቻችን ወደዚህ ከተማ የመጣነው ከእሱ በኋላ ነው። እሱን ገጠር ሂድ የምንለው በምን ሂሳብ ነው?

በ2017 ሰፈሩ ሲፈርስ እቃችንን በአይሱዙ ጭነን ወጣን። መቻልን ያስቀመጥኩት ጋቢና ውስጥ፣ እግሬ ሥር ነው። በማግስቱ የረሳነውን ምጣድ ልፈልግ ስመለስ ፍርስራሹ ላይ የቀሩትን ውሾች አየሁ። እያንዳንዱ በሩ በነበረበት ቦታ ተቀምጧል። በር የለም። ግድግዳ የለም። ውሻው ግን በሩ የት እንደነበር ያውቃል። አንዷን አሮጊት ውሻ በስሟ ጠራኋት፤ ጭራዋን አንዴ ነቀነቀችና ተመልሳ ተኛች። "ውሻ በበላበት ይጮሃል" እያልን ስንተርት የኖርን ሰዎች ነን። ውሾቹ ተረቱን ጠብቀዋል። ያልጠበቅነው እኛ ነን።

ከዚያ አራተኛ ፎቅ ገባን። መቻል በዚያን ጊዜ አርጅቷል። አንድ ዓይኑ ደመና ለብሷል፣ ጆሮው ከብዷል፣ የኋላ እግሮቹ ደረጃ እንቢ ብለዋል። አንድ ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ ተሸክሜው ወጥቻለሁ፣ ተሸክሜው ወርጃለሁ። እማዬም እንደዚያው ናት፤ በየፎቁ ቆማ ትንፋሽ ትሰበስባለች። አንድ ቀን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ቁጭ ብለው ሲያርፉ ደረስኩ። "እኛን የሚያህል ሽማግሌ እዚህ ቤት የለም" አለችኝ፣ እጇን ጭንቅላቱ ላይ አድርጋ። ያን ቀን ነው የገባኝ። ይህ ከተማ የሚጠላው ውሻ አይደለም። እርጅናን ነው። ያረጀ ሰፈር፣ ያረጀ ዛፍ፣ ያረጀ ውሻ፣ ፎቅ መውጣት ያቃታት እናት። ለማንኛቸውም መቀመጫ የለውም። ሁሉንም የሚሸኝበት አንድ ስም አግኝቷል፤ ገጠር።

አስተውሉ። አልታዘዝ ያለውን ልጅ "ገጠር ነው የምልክህ" እንለዋለን። ጡረታ የወጣውን "ምናለ ገጠር ብትገባ" እንለዋለን። የማንፈልገውን ውሻ በጆንያ ጭነን ከከተማ ወጣ ብለን አስፋልት ዳር እናራግፈዋለን፤ ይህን ያደረገ ሰው በግሌ አውቃለሁ፣ "ለቀቅኩት" ነው ያለኝ። ገጠሩ ለእኛ የሰው ቀዬ አይደለም። የተረፈን ሁሉ የምንደፋበት ነው።

ለመሆኑ ያ የለቀቅነው ውሻ ምን እንደሚያደርግ የጠየቀ አለ? ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ሌላ በዓለም የትም የለም። ለአካለ መጠን የደረሱት 500 አይሞሉም። እነሱን በጅምላ የጨረሳቸው ጥይት ሳይሆን ከቤት ውሻ የተጋባ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ባሌ ተራሮች ላይ በ1980ዎቹ አጋማሽ ገብቶ ፈጃቸው። በ1996 ተመልሶ መጥቶ እዚያው ባሌ ውስጥ የዌብ ሸለቆን ቀበሮዎች አብዛኞቹን ጨረሰ። ከዚያም በኋላ ተመላልሷል። እንግዲህ "ውሻ ገጠር ይሂድ" ማለት ይህ ነው። ያልተከተበ ውሻ ገጠር ሲሄድ የሚጠብቀው ሰፊ ሜዳ ብቻ አይደለም፤ የገበሬው ልጅም አለ፣ ላሙም አለች፣ ቀበሮውም አለ። ከተማው ከራሱ ደጅ የጠረገው በሽታ ሐኪም ቤት በሌለበት ሰው ደጅ ላይ ይወድቃል። ይህ ንጽሕና ከሆነ የማን ንጽሕና ነው?

ገጠሩን ስለምወድ ነው የተናደድኩት። የእማዬ ዘመዶች መንዝ ናቸው፣ ጓሳ አጠገብ። ልጅ ሆኜ ክረምቱን እዚያ አሳልፌያለሁ። ከ3200 ሜትር በላይ ነው፤ ጠዋት አመዳዩ ሣሩ ላይ ጨው የተነሰነሰ ይመስላል። ጭላዳዎች ከገደሉ ጫፍ ይወጣሉ፣ ጅብራው ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ማታ ባና ተከናንቦ ኩበት የሚነድበት ምድጃ ዙሪያ መቀመጥ ነው። የአያቴ ውሻ ቦታው ከበሩ ውስጥ በስተግራ ነበር። ያ ውሻ ጥርሱ ረግፎ፣ በግ ማገድ ትቶ፣ እዚያው ቦታው ላይ ሁለት ክረምት ኖረ። ማንም "ምን ይሠራል?" ብሎ አልጠየቀም። ሠርቶ ጨርሷላ! ቂጣ በአጓት እየራሰ ይቀርብለት ነበር።

የዚያ አገር ሰው የማያልቅ ነገር እንደሌለ ያውቃል። የጓሳውን ሣር ቤት ይከድንበታል፣ ገመድ ይገምድበታል፣ ለዝናብ ጌሳ ይሠራበታል። ሣሩ እንዳያልቅ ደግሞ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚሉት ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲደርስ በስምምነት ይከፈታል። የደርግ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ካፈረሰው በኋላ እንኳ ሕዝቡ በራሱ መንገድ መልሶ ይዞታል። ዛሬም እዚያ ቀይ ቀበሮ አለ። በደንብ ማስተዳደር ማለት ይህ ነው። የእኛ ኮሚቴ አንድ ግቢ ማስተዳደር ሲያቅተው የሚያውቀው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ክልክል።

አዎ፣ ገጠር መግባት እመኛለሁ። መቻል ከሞተ ወዲህ ማታ ማታ ሌላ አላስብም። ትንሽ የድንጋይ ቤት፣ የገብስ ማሳ፣ ከሰው ራቅ ያለ፣ እማዬ ያለ ደረጃ የምትወጣ የምትገባበት። መንገዱ ሰላም ቢሆን እስካሁን ሄደን አይተን ነበር፤ አክስቴ በስልክ "ትንሽ ጠብቁ" ትለናለች፣ እኛም እንጠብቃለን። ግን እኔ ስመኘው ሌላ ነው፣ ሰው ሲያባርረኝ ሌላ ነው። የእኔን ምኞት ቀምቶ መልሶ በፊቴ ላይ እንዲወረውረው ለማንም አልፈቀድኩም።

መቻል የሞተው ሐሙስ ሌሊት ነው። እጄ ላይ። ጠዋት ጥበቃውን "ወንድሜ፣ የት ልቅበረው?" አልኩት። ግራ ገባው። ግቢያችን ከጥግ እስከ ጥግ ታይልና ኮብልስቶን ነው፤ ዶማ የሚገባበት አፈር የለም። ሲቸግረው "ገንዳው ውስጥ ጣለው እንጂ፣ መኪናው ነገ ይመጣል" አለኝ። በክፋት አልነበረም። ሌላ መልስ ስላልነበረው ነው። እማዬ ሰምታ የራሷን አሮጌ ጋቢ አወጣች። በጋቢው ጠቀለልነው። ሁለት ላዳ እንቢ አለን። ሦስተኛው ሽማግሌ ነበሩ፤ ጥቅሉን አዩት፣ እማዬን አዩዋት፣ ወርደው በሩን ከፈቱልን። እንጦጦን ተሻግረን ሱሉልታ አንድ ወዳጄ ግቢ፣ ጽድ ሥር ቀበርነው። ጉድጓዱን ከወዳጄ ጋር የቆፈሩት ሾፌሩ ናቸው። ለመመለሻው ሂሳብ አልቀበልም አሉ።

ውሻ የሚቀበርበት ሁለት ክንድ አፈር የሌለው ግቢ ነው እንግዲህ ስለ ንጽሕና ደንብ የሚያወጣው።

በስብሰባው ላይ አንዲት እናት "ውሻ እርኩስ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን አይገባም" አሉ። እማዬ መለሰችላቸው። "እትዬ፣ መጽሐፈ ጦቢትን አላነበቡም? ጦብያ ሩቅ አገር ሲሄድ መልአኩ ሩፋኤል ነበር አብሮት፣ ውሻውም ነበር። ሲመለሱም ውሻው አብሯቸው ተመልሷል" አለቻቸው። መልአክ ያልተጸየፈውን እኛ ተጸየፍን ማለቷ ነው። አንድ ሙስሊም ጎረቤታችንም በውሃ ጥም ለሚያለከልክ ውሻ ከጉድጓድ ቀድቶ ስላጠጣውና በዚያ ኃጢአቱ ስለተማረለት ሰው የሚነገረውን ሐዲስ አነሱ። ለዚህ መልስ የሰጠ የለም። ድምፅ ተሰጠ፣ አለፈ።

የጤናው ጉዳይ እውነት አለው፤ እሱን አልክድም። የእብድ ውሻ በሽታ ይገድላል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፣ ለሰው የሚያጋባውም በብዛት ውሻ ነው። ግን መፍትሔው የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ከውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ሰንሰለቱ ይቆረጣል ነው። ክትባት ነው የተባለው፤ ማባረር አልተባለም። መቻል በየዓመቱ ተከትቧል። ኮሚቴው ግን ካርዱን አንድ ቀን አልጠየቀኝም። ማታ ማታ በአጥሩ ቀዳዳ እየገቡ ቆሻሻ ገንዳውን የሚበረብሩት ባለቤት አልባ ውሾች ናቸው፤ እነሱን ደንቡ አይነካቸውም፣ ወረቀት አያነቡማ። የሚነካው ያስከተበውን፣ ያሰረውን፣ የጠረገውን ሰው ነው። ለፋሲካ ግቢው ውስጥ በግ ሲታረድ ፈርሱና አንጀቱ ሦስት ቀን እዚያው ገንዳ ሥር ይከርማል፤ ውሾቹን የሚጠራቸው እሱ ነው። ስለዚህ ጉዳይ አጀንዳ ተይዞ አይቼ አላውቅም። ንጽሕና ትዝ የሚለን የሌላ ሰው ውሻ ስናይ ነው።

ሁለተኛ ብሎክ ላይ አንዲት ልጅ አለች፣ የስምንት ዓመት ልጅ ትሆናለች፣ ቡችላ አላት። ከስብሰባው ማግስት ደረጃ ላይ አገኘችኝ። "ጋሼ፣ መቻልን የት ወሰዱት?" አለችኝ። ሱሉልታ አልኳት። "ገጠር ነው?" አለችኝ። ምን እንደምላት ጠፋኝ። ከዚያ "የእኔንም ሊወስዱት ነው?" አለች።

ኮሚቴው ወር ሳይሞላ እንደገና ይሰበሰባል። የምጠይቀው ነገር ከባድ አይደለም። የተከተበ ውሻ ካርዱን አሳይቶ ይመዝገብ። በገመድ ይውጣ። ባለቤቱ ይጥረግ፤ ካልጠረገ ይቀጣ። የአጥሩ ቀዳዳ ይደፈን። ከኋለኛው ብሎክ ጀርባ ኮብልስቶኑ ይነሳና ዛፍ የሚተከልበት ጥግ ይኑር። የመቻልን የክትባት ካርድ እማዬ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አስቀምጣዋለች፤ ለዚያን ቀን እንድትሰጠኝ ነግሬያታለሁ። ከኋላ የሚቀመጠው ሰውዬ ያን ቀንም ገጠር ሂድ የሚለኝ ከሆነ፣ ከፊት ወንበር ነው የምጠብቀው።