ስቴላ ባሏን ጥላ የሄደችው ፊልሙ ላይ ነው
ሰላም ወገኖች፣ ብዙ ሰው "ኤ ስትሪትካር ኔምድ ዲዛየር የሚባለው ተውኔት ላይ ስቴላ መጨረሻ ላይ ስታንሊን ጥላው ትሄዳለች፣ ቴኔሲ ዊሊያምስ የጻፈው እንደዛ ነው" እያለ ስላየሁ በቅንነት ላርም። ያ የ1951ዱ ፊልም አጨራረስ ነው። በፈረንጆች 1947 ብሮድዌይ ላይ የወጣው ቲያትር ላይ ግን ስቴላ የትም አትሄድም፣ እህቷን ብላንችን ሐኪም ወደ አእምሮ ሆስፒታል ይዟት ሲሄድ እሷ ልጇን ታቅፋ ታለቅሳለች፣ ስታንሊ ያባብላታል፣ ወንዶቹ ካርታቸውን ይቀጥላሉ፣ በቃ። ሁለቱንም ያዘጋጀው ኤሊያ ካዛን ነው፣ ግን ታሪኩ ላይ ስታንሊ ብላንችን ስለሚደፍራት፣ የዛን ጊዜ የሆሊውድ ሳንሱር ደንብ ደግሞ ደፋሪ ሳይቀጣ ፊልም እንዲያልቅ ስለማይፈቅድ ስቴላ ልጇን ይዛ ወደ ላይኛው ቤት እንድትሮጥ ተደረገ። ማረጋገጥ የፈለገ የቲያትሩን 11ኛ ትዕይንት ያንብብ። እዛው መጀመሪያው አካባቢ ስቴላ ለጎረቤቷ ለዩኒስ፣ ስታንሊ ደፈረኝ የሚለውን የብላንችን ታሪክ አምና ከስታንሊ ጋር መኖር እንደማትችል ትነግራታለች፣ ስለዚህ ላለማመን መርጣለች ማለት ነው፣ ለእኔ ከድርሰቱ ሁሉ በጣም የሚያመው ቦታ ይሄ ነው። ፊልሙን ብቻ አይቶ ስለ ተውኔቱ አሳይመንት የሚጽፍ ተማሪ ይሄን ሙሉ በሙሉ ያጣዋል፣ "ስቴላ ነፃ ወጣች" ብሎ ደራሲው ከጻፈው ተቃራኒውን ይጽፋል።