«ሰጋር ነው» አትበሉኝ!

አሁን ነው የገባሁት፣ ጫማዬን እንኳን አላወለቅኩም። የምገዛው ሰጋር ፈረስ፣ ማለትም ጋላቢውን ሳያነጥር በልስላሴ የሚሄድ ፈረስ፣ ፍለጋ ላይ ነኝ። ዛሬም «ሰጋር ነው፣ ላዩ ላይ እንቅልፍ ይወስድሻል» ለተባለ ፈረስ ወገቤን ገብሬ መጣሁ።

ስደርስ ተጭኖ፣ ተለጉሞ ይጠብቀኛል። ደረቱ በላብ ርሷል። «እባክህ አትጫነው፣ ከጋጣው ሲወጣ ማየት እፈልጋለሁ» ብዬ ነበርኮ! ሻጩን ለምን ጋለብከው ስለው «ትንሽ አፍታትቼልሽ ነው» አለኝ። አፍታትቼልሽ! አድክሜልሽ ነው በላ። ደክሞት የቆመ ፈረስማ ሁሉም ጨዋ ነው።

እሺ ብዬ ወጣሁበት። ሜዳው ላይ ደህና ነበር። ከበሩ ወጥተን ድንጋያማው ዳገት ሲጀምር ስግሪያው የት እንደገባ እንጃ። የቀኝ ሁለት እግሮቹ አንድ ላይ፣ ከዚያ የግራዎቹ አንድ ላይ፣ እኔ መሃል ላይ ወዲያና ወዲህ እላጋለሁ። ስግሪያ ማለት'ኮ አራቱ ኮቴዎች ተራ በተራ መሬት ሲነኩ ነው። ሁልጊዜ ቢያንስ አንዱ እግር መሬት ላይ ስላለ ነው ጋላቢው የማይነጥረው። ይሄንን ለፈረስ ነጋዴ እኔ ላስረዳ? በዚያ ላይ ጓደኛው ፈረስ ከግቢ ሲያሽካካ የኔውም ዞሮ ወደ ቤት!

ተመለስኩና በትህትና፣ እግዜር ያያል በትህትና፣ «ዳገት ላይ አይሰግርም፣ ብቻውንም መሄድ አይፈልግም» አልኩት። ከላይ እስከ ታች ገላመጠኝ። ከዚያ የቆሙት ሰዎች ሁሉ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «የኔ እህት፣ አንቺ የምትፈልጊው ፈረስ ሳይሆን ሶፋ ነው።» ሳቁ። ዛቡን የያዘው ልጅ ሳይቀር ሳቀብኝ። «ሶፋ ሻጭ'ኮ ሽፋኑን ፊቴ ላይ ነው የሚገልጠው» የሚለው መልስ የመጣልኝ ግማሽ መንገድ ከሄድኩ በኋላ ነው። ሁሌም እንዲህ ነኝ፣ አፌ ሲፈለግ አይገኝም።

የእንስሳት ሐኪም ይዤ ልምጣ ስለውማ ጭራሽ ተቆጣ። «አታምኚኝም?» አላምንህም! የሕመም ማስታገሻ የተወጋ ፈረስ ሳያነክስ ይውላል፣ ማረጋጊያ መድኃኒት የተሰጠው ደግሞ በግ ይሆናል። ለዚህ ነው ደም ተወስዶ የሚመረመረው። ስድብ አይደለም!

ያኛው ባለፈው ያየሁት ደግሞ «ገና ልጅ ነው» ብሎኝ፣ የፈረሱን ከንፈር ገለጥ ሳደርግ ጥርሱ እንደ ሽማግሌ ፈረስ ረዝሞ ወደ ፊት ዘሟል። ሌላው የጂን ምርመራ ወረቀት ይዞ መጣ። ዲኤምአርቲ 3 የሚባለው ጂን ላይ ያለው ለውጥ ከአረማመድ ጋር እንደሚያያዝ በ2012 (በፈረንጅ) መታተሙን እኔም አውቃለሁ። ግን ያው ለውጥ ለጋሪ እሽቅድምድም በሚረቡት ፈረሶችም ላይ ሞልቷል፣ እነሱ ደግሞ በስግሪያ አይወዳደሩም። ወረቀቱ ላይ ኮርቻ ልጫን?

እግሩን ወደ ሰማይ በሚያነሳ ፈረስ የሚኩራራም አለ። ወንድሜ፣ ጫካ ውስጥ ለማን ላሳይ ነው? አሜሪካ ውስጥ ለውድድር እንዲህ እንዲረግጡላቸው የፈረሶቹን እግር በኬሚካል የሚያቆስሉ ሰዎች ስለነበሩ በ1970 (ይሄም በፈረንጅ) ሕግ ወጥቶባቸዋል። እኔ የምፈልገው ጭቃና ወንዝ አይቶ የማይደነግጥ፣ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ የሚያውቅ ፈረስ ነው። በቃ። መልኩ የፈለገውን ይሁን። እነሱ ግን መጀመሪያ የሚነግሩህ ቀለሙን ነው፣ «ዳማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ኮከብ አለው»። ኮከቡ ዳገት ያወጣኛል?

ቪዲዮውማ የባሰ ነው። ሁሉም ሙዚቃ ይጭኑበታል! ስግሪያ'ኮ በጆሮ ነው የሚለየው፣ አራት እኩል ምት መስማት አለብኝ። ዘፈኑን አንሱና ኮቴውን አሰሙኝ ስል «ምን ያደርግልሻል?» ይሉኛል።

ይሄን እየጻፍኩ አንዱ መልእክት ላከ። «ሰጋር፣ ጨዋ፣ ለሴት የሚሆን»። ለሴት የሚሆን! ቅዳሜ ሄጄ አየዋለሁ፣ ምን አባቴ ላድርግ። ተጭኖ ከጠበቀኝ ግን ከመኪና አልወርድም።