ማስተካከያ፦ የግብር ቅሬታ ማቅረቢያ ጊዜን በተመለከተ
በደሴና በኮምቦልቻ ለሚገኙ የፌዴራል ግብር ከፋዮች ባቀረብነው ማብራሪያ፣ የግብር ውሳኔ የደረሰው ሰው ቅሬታውን በ30 ቀናት ውስጥ ለታክስ ባለሥልጣኑ ማቅረብ ይችላል ማለታችን ስህተት ነበር። በፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ቅሬታው የሚቀርበው ማስታወቂያው በደረሰ በ21 ቀናት ውስጥ ሲሆን፣ የ30 ቀኑ ጊዜ የሚያገለግለው በቅሬታው ላይ የተሰጠውን ውሳኔ በመቃወም ለፌዴራል ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ለሚቀርብ ይግባኝ ነው፤ ለዚህም አከራካሪ ከሆነው ግብር 50 በመቶው አስቀድሞ ሊከፈል ይገባል። የዘጠኝ ቀን ልዩነት ቀላል ቢመስልም፣ ደረሰኝና መዝገብ አሰባስቦ፣ የሒሳብ ባለሙያ አማክሮ ቅሬታውን ለሚጽፍ ነጋዴ መብቱን የሚያሳጣ በመሆኑ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። ግብራቸውን ለክልሉ የሚከፍሉ ነጋዴዎች ግን የክልሉን አዋጅ ሊመለከቱ ይገባል።