ኢዮርቬት ጀግና ነው ወይስ ሞኝ በሬ?

«ሰይፉን ሰጠኸው ወይስ አልሰጠኸውም?» ክርክሩ ሁሉ የመጣው ከዚች ጥያቄ ነው።

ዘ ዊቸር 2ን ያልተጫወተ ሰው ግራ እንዳይገባው ትንሽ ልበል። ጌሙን የሠራው ሲዲ ፕሮጀክት ሬድ የሚባል የፖላንድ ድርጅት ነው፤ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ2011። ጌራልት የሚባል፣ ጭራቅ እየገደለ የሚኖር ሰው ሆነህ ትጫወታለህ። በዚያ ዓለም ሰውም፣ ኤልፍም፣ ድዋርፍም አብሮ ይኖራል፤ መኖር ካሉት። ኤልፎቹ ጆሯቸው ሾል ያለ፣ ዕድሜያቸው የትየለሌ፣ አገሩን ከሰው በፊት የያዙ ናቸው። ሰው ኋላ መጥቶ በከተሞቻቸው ፍርስራሽ ላይ የራሱን ከተማ ሠራ። ገሚሶቹ አንገታቸውን ደፍተው ጥግ ጥጉን ተጠጉ። እምቢ ያሉት ጫካ ገቡ። የጫካዎቹ ስኮያቴል ይባላሉ። ከመሪዎቻቸው አንዱ ኢዮርቬት ነው፤ የጠፋ ዓይኑን በቀይ ጨርቅ የሸፈነ፣ አነጣጥሮ የማይስት። እሱን የሚያሳድደው ደግሞ ቨርነን ሮሽ፣ ቴሜሪያ የሚባለው የሰዎች መንግሥት ልዩ ኃይል አዛዥ።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ሊያልቅ ሲል ኢዮርቬት የታሰረ መስሎ ከአንተ ጋር ይሄዳል። ሌቶ የሚባለውን ነገሥታት ገዳይ ለማጥመድ ነው። መሐል ላይ የሮሽ ሰዎች ይደርሳሉ። ኢዮርቬት «ሰይፌን!» ብሎ ይጮኻል። ሰይፉ ያለው አንተ እጅ ነው። ብዙ ለማሰብ ጊዜ የለህም።

ኋላ ከኢዮርቬት ጋር ከሄድክ መንገድህ ወደ ቨርገን፣ ወደ ድዋርፎቹ ከተማ ያመራል። ከሮሽ ጋር ከሄድክ ደግሞ ቨርገንን ሊወር በመጣው በንጉሥ ሄንሰልት ጦር ሰፈር ውስጥ ታድራለህ። ጦርነቱ አንድ ነው፤ አንዱ ከግንቡ ውስጥ ያየዋል፣ ሌላው ከግንቡ ውጭ። ጌሙን ያስወደደውም ይኸው ነው። አንዱን መንገድ ብቻ የተጫወተ ሰው ግማሹን አላየም።

ክርክሩ የተካሄደው ጎንደር ፒያሳ ነው፤ ፎቶ ኮፒ የሚነሣባት፣ ማመልከቻ የሚጻፍባት፣ በፍላሽ ፊልምና ጌም የሚጫንባት ጠባብ ቤት ውስጥ። መብራት ሄዶ ነበር። እዚያ ቤት መብራት ሲሄድ ወሬ ይደራል። አንደኛው ተከራካሪ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ የቴሌግራም ፎቶው ራሱ ኢዮርቬት። ሁለተኛው ባጃጅ ሹፌር ነው። ጌሙን በሁለቱም መንገድ ጨርሶታል። ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪም ነበሩ፤ ሁላችንም ቲቸር ነው የምንላቸው። ኮፒ ሊያስነሡ መጥተው መብራት ይጠብቃሉ። ጸሐፊዋ በላፕቶፑ ባትሪ የሰው ማመልከቻ ትጨርሳለች።

«ሰጠሁት እንጂ! ሳላስብ ነው የሰጠሁት» አለ ተማሪው።

«ሳላስብ» ያላትን ልብ በሉልኝ።

«ለምን ሰጠኸው?» አለው ሹፌሩ።

«ለምን ትለኛለህ ብሮ? አገሩ የማን ነው? ከተማው የማን ነው? ሰውዬው የተቀማውን ነው የጠየቀው። ነፃነት አይለመንም!» አለና ደረቱን ነፋ። ነፃነት ሲል ድምፁ ትንሽ ይወፍራል። ቲሸርት ላይ የሚጻፍ ነገር የተናገረ ነው የሚመስለው።

ሹፌሩ ሳቀ። «እናቴ አንድ ተረት ነበራት፤ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።»

«ምን አገናኘው?»

«የሃይድራን ገደል ረሳኸው?»

ተማሪው ዝም አለ። ቲቸር ግን ጆሯቸው ቆመ። «የምን ገደል ነው?» አሉ። ሹፌሩ በደንብ አስረዳቸው። እኔም እዚህ ላይ ፈርጃለሁ፤ አልደብቃችሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደቡብ በኩል ኒልፍጋርድ የሚባል ትልቅ ግዛት አለ። የሰሜኖቹን ነገሥታት ሊወር ሲነሣ ኤልፎቹን ለዓላማው ፈለጋቸው። ከኋላ ሆናችሁ ውጉልን፣ አገር እንሰጣችኋለን አላቸው። የኤልፍ ወጣት ግልብጥ ብሎ ወጣ። ኢዮርቬትም የብርጌድ መኮንን ሆኖ ተዋጋ። ንጉሠ ነገሥቱ ኤምሂር ቃሉን ጠበቀ፤ ለይምሰል። ዶል ብላታና የምትባል አበባ የሞላባት ሸለቆ ለኤልፎች ሰጠ፤ ፍራንቼስካ የምትባል ጠንቋይ ንግሥት ሆነችባት። ነገር ግን አንድ ማሰሪያ ነበረው። ንግሥቲቱ ጫካ ያሉትን ስኮያቴሎች አላውቃቸውም ማለት አለባት። አለች። ጦርነቱ አልቆ ሰላም ሲፈረም ደግሞ የሰሜን ነገሥታት የጦር ወንጀለኛ ያሏቸውን 32 የኤልፍ መኮንኖች ጠየቁ። ኒልፍጋርድ አሳልፎ ሰጣቸው። ለኒልፍጋርድ የተዋጉትን! ገደል አፋፍ ወስደው ፈጇቸው። ኢዮርቬት ከዚያ ለጥቂት ያመለጠ ነው።

«ሣሩ ሸለቆው ነው» አለ ሹፌሩ። «ገደሉም ገደል ነው። ተረቱ ለእነሱ የተተረተ ነው የሚመስለው።»

ቲቸር ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ይቺ ንግሥት የምታዘው ጦር አላት?»

«ሁሉ ነገር ከኤምሂር ነው፣ ቲቸር።»

«እንግዲያው እኛም እናውቃታለን» አሉና ወደ ፋሲል ግቢ በአገጫቸው ጠቆሙ። በዘመነ መሳፍንት እዚያ ግንብ ውስጥ ዘውድ የጫነ ንጉሥ አይጠፋም ነበር። ሹመትና ሽረቱ ግን ደብረ ታቦር ከተቀመጠው ራስ ነው። ተክለ ጊዮርጊስን ሰው ፍጻሜ መንግሥት ብሎ የጠራው በከንቱ አይደለም። ነግሦ ይወርዳል፣ ወርዶ ይነግሣል። ዘውዱ አለ፣ መንግሥቱ የለም። «የሸለቆዋም ንግሥት ያው ናት» አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ከጌም ተጫዋች አፍ አይወጣም።

ተማሪው ግን እጅ አልሰጠም። «እሺ፣ ካሳስ? የቋራው ካሳ ጫካ ገብቶ አይደል የነገሠው? ያኔ ብትኖሩ እሱንም በሬ ትሉት ነበር!»

ጎንደር ተቀምጦ ቴዎድሮስን የጠራ ሰው ክርክር የሚያሸንፍ ይመስለዋል። እኔ ራሴ ለአፍታ ልቤ ሸፈተ። ቲቸር ግን ረጋ ብለው፣ «ካሳን ማን ላከው?» አሉ።

መልስ የለም።

«ደጃች ጎሹን ጉር አምባ ላይ፣ ራስ አሊን አይሻል ላይ፣ ደጃች ውቤን ደረስጌ ላይ ሲያሸንፍ ጦሩ የራሱ ነበር። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ሲቀባም ከባሕር ማዶ የመጣ ንጉሠ ነገሥት ሸለቆ አልመጸወተውም። የአንተ ሰውዬ ግን የሌላ ሰው ጦርነት ነው የተዋጋው። ልዩነቱ ይኸው ነው።»

ሹፌሩ ቀጠለ። ከገደል የተረፈ በሬ ይማራል ትላለህ አይደል? ኢዮርቬት አልተማረም። ሌቶ መጣና የሰሜን ነገሥታትን አብረን እንግደል አለው። ደስ አለው፤ ጫካውን ከፈተለት፣ ሰው ሰጠው። ኋላ ሲታይ ሌቶ የኤምሂር ቅጥረኛ ነው። ያው ኤምሂር! 32ቱን አሳልፎ የሰጠው! «ሁለተኛ ሣር» አለ ሹፌሩ ጣቱን እየቆጠረ።

«ቨርገንስ? ሳስኪያስ?» አለ ተማሪው። እዚህ ላይ እንኳን ትንሽ እውነት አለው። ሳስኪያ የምትባል ሴት ቨርገን ላይ ሰው፣ ድዋርፍና ኤልፍ እኩል የሚሆኑበት አገር ልታቆም ተነሣች። ኢዮርቬትም የጥንት ቂሙን ዋጥ አድርጎ ከሰው ገበሬ ጎን ተሰለፈ። ያማረች ነገር ናት፤ አልክድም። ግን ሳስኪያ ተመረዘች። ፊሊፓ የምትባል ጠንቋይ መድኃኒት አበጀችላት። ዳነች፤ ፈቃዷ ግን ከዚያ ወዲያ የፊሊፓ ሆነ። «ሦስተኛ ሣር!» አለ ሹፌሩ። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ። እናቴን አንተ ጋ ባመጣት ጥሩ ነበር።»

ይኼኔ ጸሐፊዋ ቀና አለች። ከጽሑፏ ላይ ዓይኗን ትነቅላለች ብሎ ያሰበም አልነበረም። «ቆይ፣ ግንቡ ሲቃጠል ሴቶቹን አወጣሃቸው?» አለችው።

ለካ እሷም ተጫውታዋለች። ፍሎትሳም የምትባለው ከተማ አዛዥ ሎሬዶ ሊያመልጥ ሲል ኤልፍ ሴቶች ያሉበትን ግንብ በእሳት ያያይዘዋል። ወይ ሴቶቹን ታወጣለህ፣ ወይ ሎሬዶን ታሳድዳለህ። ሁለቱን አታገኝም።

ተማሪው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሎሬዶ ማምለጥ የለበትም...»

«እና ተቃጠሉ?»

«ጠላት ነዋ!»

«ተቃጠሉ ማለት ነው» አለችና ወደ ማመልከቻዋ ተመለሰች። ክርክሩ ለእኔ እዚህ ላይ አልቋል። ስለ ኤልፍ ነፃነት ጉሮሮው እስኪነቃ የጮኸ ሰው፣ ኤልፎች እሳት ውስጥ ሆነው ሲጮኹ ጠላቱን እያባረረ ነበር።

ሮሽን ቅዱስ ላደርገው አይደለም፤ እጁ ላይ ብዙ ደም አለ። ደግሞ በሦስተኛው ጌም፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው፣ ኢዮርቬት ድራሹ የለም። ሮሽ ግን አለ። የት? ጫካ! ቴሜሪያን ኒልፍጋርድ ወርሯታል፤ የጫካ ሰው አሳዳጁ ራሱ የጫካ ሰው ሆኖ ዋሻ ውስጥ ተደብቋል። መጨረሻ ላይም ቴሜሪያ በኒልፍጋርድ ሥር ራሷን እንድታስተዳድር ብሎ ከዚያው ከኤምሂር ሰዎች ጋር ይዋዋላል። ተማሪው ይህን ሲያነሣ ፊቱ በራ። «ታዲያ ሮሽም በሬ ነዋ!» አለ። «ነው እንጂ፤ እኔ መቼ አይደለም አልኩ?» አለው ሹፌሩ። ተማሪው ሊጣላ መጥቶ ተስማምተው አረፉት።

እንዲያው ፍርዴን ልስጥ። ኤልፎቹ ተበድለዋል። ይህን የሚክድ ጌሙን አልተጫወተም፤ ፍሎትሳም ላይ ሕዝቡ ጆሮ ሾል ያለውን ሁሉ በየመንገዱ ሲያርድ አላየም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። የሚሞተው ማን ነው? በዚያ ዓለም ታሪክ ኤልፍ የሚወልደው በወጣትነቱ ብቻ ነው። ዕድሜው ረጅም ነው፣ የመውለጃ ጊዜው ግን አጭር። ከብዙ ዘመን በፊት ኤሊሬን የምትባል ልጅ እግር ኤልፍ ሰው ላይ ተነሡ ብላ ተጣራች። ሽማግሌዎቹ አይሆንም አሉ። ወጣቱ ተከተላት። አለቁ፤ እሷም አለቀች። ሽማግሌዎቹ ዛሬም አሉ፤ ያማረ ልብስ ለብሰው፣ ያማረ ቋንቋ እየተናገሩ። የሚወልድ ግን ጠፋ። ኒልፍጋርድ ሲመጣ የቀረችውን ጥቂት ወጣት ደግሞ እንደገና ላኳት። ጦርነት የተሸነፈ ሕዝብ ያገግማል፤ ልጆቹን የጨረሰ በምን ያገግማል?

እኔን የሚያንገበግበኝ ታዲያ ኢዮርቬት አይደለም። እሱ ቢያንስ ዓይኑን ሰጥቷል፣ ገደሉ አፋፍ ቆሟል። የሚያንገበግቡኝ ፍራንቼስካዎች ናቸው። ዘንድሮ የፍራንቼስካ ዘር በዝቷል። ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ፣ ስልኩን በትራስ አስደግፎ በቀጥታ ሥርጭት «በለው! በለው!» የሚል። ልጁን ለትምህርት ውጭ ልኮ የጎረቤቱን ልጅ «ምን ትጠብቃለህ» የሚል። ሲሳካ «እኛ» ይላል፤ ሲበላሽ «እነሱ»። በየትኛውም ወገን አለ፤ ወገን አልለይም። ሠርግ ላይ ፉከራ ይቀድማል፣ ለቅሶ ላይ አይታይም። ድንኳኑ ሲጣል ወንበር ሲያቀብል ያየሁት የለም። ፍራንቼስካስ ቢያንስ ስሟ ስምምነቱ ላይ ሰፍሯል፤ የእኛዎቹ ነገር ሲበላሽ አካውንት ቀይረው በሌላ ፎቶ ይመጣሉ።

አድማጩም ቢሆን አይታማም አይባልም። ሁሉም አንድ መንገድ ተጫውቶ ፈራጅ ነው። ከግንቡ ውጭ ሆኖ ያየውን ሰው ጠይቆ የሚያውቅ ስንቱ ነው? የሚከተለው ቻናል አንድ፣ የሚያምነው ሰው አንድ፣ የሚያዝንለት ሟች አንድ ዓይነት። የሌላውን ሬሳ ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት የማን ወገን እንደሆነ ነው። ድሮ ቢያንስ «ነፍስ ይማር» ቀድሞ ይወጣ ነበር።

ሹፌሩ ለተማሪው የሮሽን መንገድ እንዲጫወት መክሮታል። እስካሁን አልጀመረም። ላፕቶፑ ላይ ቦታ ሞላብኝ ይላል። ያው የጫነው ጌም ውስጥ ያለ መንገድ መሆኑን ጸሐፊዋ ብትነግረውም፣ ፈተና ደርሷል ብሎ ፍላሹን ይዞ ወጣ።