ውል ላይ የማይጻፈው የመኪና ዋጋ

ሀዋሳ ውስጥ ያገለገለ የመስክ መኪና ሲሸጥ ሦስት ዋጋ አለው። አንደኛው ደላላው የሚጠራው ነው። ሁለተኛው ገዢና ሻጭ ተከራክረው የሚስማሙበትና በእርግጥም ከእጅ ወደ እጅ የሚሻገረው ገንዘብ ነው። ሦስተኛው በውሉ ላይ ሰፍሮ ለመንግሥት የሚታየው ነው። የመጀመሪያውን ከተማው ሁሉ ይሰማዋል፤ የመጨረሻው መዝገብ ቤት ይቀመጣል፤ እውነተኛው ግን በሁለቱ ሰዎችና በደላላው መካከል ምሥጢር ሆኖ ይቀራል። «ይህ መኪና ስንት ያወጣል?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ቀጥተኛ መልስ የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። በደላላ ላይ የምናወርደው ወቀሳ ግማሹ ለእኛ ለገዢዎችና ለሻጮች የሚገባ ነው።

ነገሩ ለሀዋሳ ሰው ቀላል አይደለም። ወደ ይርጋለምና ወደ ዲላ የሚወስደው አስፋልት ላይ ማንኛውም አውቶሞቢል ይሄዳል። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ቡና ማሳው፣ ወደ እሸት ቡና መፈልፈያው፣ ወደ በንሳና ወደ ሁላ ወረዳ ቀበሌዎች የሚገባ ሰው ግን ክረምት ላይ የሚጠብቀው ቀይ ጭቃ ነው። የቡና ነጋዴው፣ የሥራ ተቋራጩ፣ ታማሚ የሚያመላልሰው፣ ሁሉም ላንድክሩዘር ወይም ባለ ሁለት ጋቢና ሃይሉክስ የሚፈልገው ለጌጥ ብሎ አይደለም። ለብዙዎቹ የዕድሜ ልክ ቁጠባቸው ነው፤ አንዳንዱ ቦታ ሸጦ፣ አንዳንዱ ከዘመድ ተበድሮ ይገዛል። እንዲህ ያለ ገንዘብ በወሬ ዋጋ ሲባክን ማየት ያሳዝናል፤ ያስቆጣልም።

ገበያው እዚህ እንዴት እንደደረሰ ማስታወስ ያስፈልጋል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ፤ አሮጌ መኪና ከዱባይ አምጥቶ መሸጥ አዋጭ መሆኑ ቀረ። በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይፋ ሆነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የኤሌክትሪክ መኪና በከተማ ውስጥ ጥሩ አማራጭ ሊሆን ይችላል፤ በዝናብ ቀን ከአሮሬሳ ቡና ጭኖ ለሚወጣ ሰው ግን ገና መልስ አልሆነም። ስለዚህ አገር ውስጥ ያሉት የናፍጣ የመስክ መኪኖች ተተኪ አጥተው ይሽከረከራሉ፤ እያረጁም ዋጋቸው ይወጣል።

ደላላው የሚይዘው ክርክር ይህ ነው፤ «ዶላር ጨምሯል፣ ሌላ አይገባም፣ ነገ ይህንንም አታገኘውም» ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቃላት እውነት ናቸው። ከእነሱ የሚከተለው ድምዳሜ ግን ለሁሉም መኪና አይሠራም። ዶላር ሲጨምር የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ጨምሯል። ጎማ፣ ፍሪሲዮን፣ ኢንጀክተር፣ ባላስትራ፣ ሁሉም ከውጭ የሚመጡ ናቸው። እንግዲህ የዶላሩ መወደድ ጤነኛውን መኪና ካስወደደ፣ ብዙ ጥገና የሚፈልገውን መኪና ደግሞ ማርከስ ነበረበት፤ ምክንያቱም ገዢው ጎዶሎውን የሚሞላው በአዲሱ የዶላር ዋጋ ነው። በገበያችን የምናየው ግን ጤነኛውም በሽተኛውም «ሞዴሉ ይህ ነው» ተብሎ በአንድ ዋጋ ሲጠራ ነው። በጤነኛውና በበሽተኛው መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ከድሮው በጣም መስፋት ሲገባው ጠብቧል። ገዢ የሚዘረፈው እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ልዩነቱን የሚያወጣው ማን ነው? ጥሩ መካኒክ ነው። አንድ የማውቃቸው አንጋፋ መካኒክ መኪና እንዲያዩ ሲጠሩ የሚያስቀድሙት አንድ ነገር አላቸው፤ እሳቸው ሳይደርሱ ሞተሩ እንዳይነሣ ያስጠነቅቃሉ። ጠዋት ሲደርሱ ማንንም ሰላም ከማለታቸው በፊት መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋሉ። ሞቆ ካገኙት ቆመው ምክንያቱን ይጠይቃሉ፤ አጥጋቢ መልስ ካጡ ቀጠሮውን ለሌላ ቀን ያዛውሩታል። ያረጀ የናፍጣ ሞተር ሕመሙን የሚናገረው ቀዝቅዞ ሲነሣ ነውና። ብዙ ጊዜ ተሽከርክሮ የሚነሣ ከሆነ፣ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ፣ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ጭስ እየገፋ ከወጣ፣ ሞተሩ ውስጡ አልቋል ማለት ነው። ከሞቀ በኋላ ይህ ሁሉ ሊደበቅ ይችላል።

ቀጥሎ ከመኪናው ሥር ይገባሉ። የመስክ መኪና ዋጋው ያለው እዚያ ነው፤ አብዛኛው ገዢ ግን የሚያየው ቀለሙንና ወንበሩን ነው። መኪናውን በተሸከመው የብረት አካል፣ በሻንሲው ላይ፣ የብየዳ ምልክት አለ ወይ? በአብዛኞቹ ቶዮታዎች የሻንሲ ቁጥሩ ከቀኝ የፊት ጎማ አካባቢ ብረቱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ ዙሪያው ተፍቆ ወይም አዲስ ቀለም ተቀብቶ ከሆነ ጨዋታው እዚያው ያበቃል። ከፊት ጎማዎቹ በስተጀርባ ዘይትና ግሪስ ተቀላቅሎ የወረደበት ጥቁር ቅባት ካለ የፊት አክስሉ ሊፈታ ነው። ከዚያ መኪናው ጭቃ ወይም ጠጠር ያለበት ቦታ ተወስዶ አራቱም ጎማዎች እንዲጎትቱ ይደረጋል። ለጭቃና ለዳገት የሚያገለግለው ከባዱ ማርሽ ይገባል ወይስ ይጮኻል? የፊት ጎማዎቹ በእርግጥ ይስባሉ? ደረቅ አስፋልት ላይ ይህን መሞከር ካምቢዮውን ከመጉዳት በቀር የሚያሳየው ነገር የለም፤ በአስፋልት ላይ ብቻ ተነድቶ የተገዛ የመስክ መኪናም ግማሹ ሳይታይ የተገዛ ነው። የፊት አክስሉ ለዓመታት ሳይሠራ ቆሞ ባለቤቱም የማያውቅበት መኪና ጥቂት አይደለም።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን እኔ ከቁም ነገር አልቆጥረውም። ቁጥር ወደ ኋላ መመለስ ቀላል ሥራ ሆኗል። ሃያ ዓመት በሠራ ላንድክሩዘር ላይ 90 ሺሕ የሚል ቁጥር ያየ ሰው የፍሬን መርገጫውን ጎማ፣ የመሪውን ቆዳና ሾፌሩ ሲወጣና ሲወርድ የሚታከከውን የወንበር ጠርዝ ይይ። የጎማውም ዕድሜ ጎኑ ላይ ተጽፏል፤ 2319 የሚል ካለ በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው፤ ጥርሱ ቢያምርም ያረጀ ጎማ ያረጀ ነው። በበኩሌ 300 ሺሕ ኪሎ ሜትር ሄዶ የጥገና መዝገቡ በእጅ ያለ መኪና፣ 120 ሺሕ ከሚልና ታሪኩን ማንም ከማያውቀው መኪና የበለጠ ዋጋ ሊከፈልበት ይገባል እላለሁ። በተለይ የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች እንቅስቃሴ የሚያስተባብረው የታይሚንግ ቺንጋ መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ማስረጃ ዋጋ አለው። በባለ ስድስት ሲሊንደሩ 4.2 ሊትር የላንድክሩዘር ናፍጣ ሞተር ላይ ቺንጋው በወቅቱ ሳይቀየር ቀርቶ ቢበጠስ የሚከተለው የሞተር ሥራ ነው።

ከዚህ በኋላ ዋጋ ማውጣት የሂሳብ ሥራ ይሆናል። መካኒኩ ያገኘውን ጉድለት ሁሉ በወረቀት ላይ ይጻፍ። ገዢው ያንን ይዞ መለዋወጫ መደብር ይሂድና የእያንዳንዱን ዋጋ፣ ኦሪጅናሉንም ተመሳሳዩንም፣ ይጠይቅ፤ የእጅ ዋጋ ይጨምርበት፤ መኪናው ጋራዥ የሚቆምበትን ጊዜም ይቁጠር። ድምሩ ከጤነኛ መኪና ዋጋ ላይ ተቀንሶ የሚቀረው ጣሪያው ነው። ወረቀቱን ለሻጩ ማሳየት ነውር የለውም፤ እንዲያውም ክርክሩን ከመለማመጥ አውጥቶ ወደ ማስረጃ ይወስደዋል። «ትንሽ ቀንስልኝ ወንድሜ» ከማለት «ፍሪሲዮኑና አራቱ ጎማዎች ይህን ያህል ያስወጣሉ፣ ይኸው ዋጋው» ማለት ይሻላል። ወቅትም ማየት ጥሩ ነው፤ ቡና ተሸጦ ገንዘብ በሚገባበት ጊዜ ገዢ ይበዛል፣ የሚቸኩልም ብዙ ይከፍላል።

ነገር ግን በዚህ ስሌት ውስጥ አንድ ቀዳዳ አለ፤ «የጤነኛ መኪና ዋጋ» የተባለውን ከየት እናመጣዋለን? በማስታወቂያ የሚታየው የሚጠራ ዋጋ ነው። ጎረቤት «በዚህ ገዛሁ» የሚለው በልኩም ላይሆን ይችላል። መዝገብ ቤት ያለው ደግሞ ውሸት ነው።

ስለዚህ ውሸት በግልጽ መነጋገር አለብን። የቴምብር ቀረጥና የስም ማዛወሪያ ወጪ ለመቀነስ በውል ላይ ዋጋ አሳንሶ መጻፍ እንደ ብልህነት ተቆጥሯል። ለስሌት ያህል አንድ ሰው 4 ሚሊዮን ብር ከፍሎ ውሉ ላይ 1 ሚሊዮን ተኩል አጻፈ እንበል። መኪናው ከዓመት በኋላ የሌላ ሰው መብት ያለበት ሆኖ ቢገኝና ውሉ ቢፈርስ፣ ፍርድ ቤት ፊት በእጁ ያለው ሰነድ 1 ሚሊዮን ተኩል ይላል። ቀሪውን 2 ሚሊዮን ተኩል መክፈሉን ማስረዳት የእሱ ዕዳ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል፤ ቀብድ ተቀብሎ ውል የሚያፈርስም እጥፉን እንዲመልስ ይደነግጋል። ሕጉ ገዢውን ይጠብቃል፤ ገዢው ግን በገዛ እጁ የሕጉን ጥበቃ ከግማሽ በታች አድርጎ ይፈርማል።

በውክልና መግዛትም የዚሁ ዘመድ ነው። ስም ማዛወሪያ ላለመክፈል ከአንዱ ወደ ሌላው በውክልና ብቻ እየተላለፉ የሚሄዱ መኪኖች አሉ። ወካዩ ቢሞት ውክልናው በሕግ ያበቃል፤ ገዢ ነኝ ያለው ሰው ከወራሾች ጋር ሊፋጠጥ ነው። ከድርጅት በጨረታ ወይም በሌላ መንገድ የሚወጡ ከቀረጥ ነፃ የገቡ መኪኖች ደግሞ ሌላ ጥያቄ አላቸው፤ ቀረጡ ተከፍሏል? ካልተከፈለ የሚከፍለው ማን ነው? ገዢው የሚደሰትበት ርካሽ ዋጋ ምክንያቱ እዚያው ሊብሬው ላይ ሊሆን ይችላል። የባንክ ዕዳና የፍርድ ቤት እገዳ መኖር አለመኖሩም የመኪናው ፋይል ካለበት መሥሪያ ቤት ይጠየቃል፤ ሰሌዳው የአዲስ አበባ ከሆነ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ነው። ይህ ሁሉ ሳይጣራ ቀብድ መክፈል አይገባም።

አንድ ሰው ብቻውን እውነተኛውን ዋጋ ልጻፍ ቢል ሻጩ እሺ እንደማይለው አውቃለሁ። ሻጩ ግብር ይፈራል፤ ደላላው ሽያጩ እንዳይፈርስ ይፈራል፤ ገዢውም ወጪው እንዳይበዛበት ይፈራል። ስለዚህ መጀመር ያለበት መንግሥት ነው። በስም ዝውውር ላይ የሚጣለው ክፍያ ሰው ለመዋሸት እስከማይጓጓበት ድረስ ይቀነስ። ዝቅ ባለ መጠን በእውነተኛው ዋጋ ላይ መሰብሰብ፣ ከፍ ባለ መጠን በውሸት ዋጋ ላይ ከመሰብሰብ ለመንግሥት ካዝና የሚያጎድለው ብዙ አይመስለኝም፤ ለገዢው የሚሰጠው ዋስትና ግን ትልቅ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ከዚያ በኋላ ቀላል ነው። የሲዳማ ክልል የትራንስፖርት ቢሮ ስም የተዛወረላቸውን መኪኖች የባለቤት ስምና ሰሌዳ ሳይጠቅስ፣ ዓይነታቸውን፣ የተሠሩበትን ዓመት፣ የሞተሩን ጉልበትና የተሸጡበትን ዋጋ ብቻ በየሦስት ወሩ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጥፍ። ተሽከርካሪ በየዓመቱ ለቦሎ ሲመረመር የኪሎ ሜትር ንባቡም በመዝገብ ተይዞ ለገዢ በጥያቄ ይሰጥ፤ ይህ ብቻ ቆጣሪ የሚመልሱትን ሰዎች ሥራ ያሳጣቸዋል። ደላሎችም ፈቃድ አውጥተው፣ ከማን ስንት እንደሚቀበሉ በውሉ ላይ እየተጻፈ ይሥሩ። ከሁለቱም ወገን ተቀብሎ፣ ሻጩ ከጠየቀው በላይ ጨምሮ ትርፉን ኪሱ የሚከት ሰው ዋጋ ሊነግረን አይገባም።

እስከዚያው ድረስ መኪና ለመግዛት የተነሣ ሰው ቢያንስ ሁለት ነገር በእጁ ነው። መካኒኩን ራሱ ይምረጥ፤ ደላላው ያመጣለትን አይቀበል፤ ለምርመራው የሚከፍለው ገንዘብ ከመኪናው ዋጋ አንጻር ኢምንት ነው። ክፍያውን ደግሞ ሙሉ በሙሉ በባንክ በኩል ያድርግ፤ በማስተላለፊያው ደረሰኝ ላይም የመኪናውን ሰሌዳና የሻንሲ ቁጥር ያስጽፍ።